ያልዘራነው ሲበቅል፦ ጓሮ ውስጥ ብቅ ያለን እንግዳ ተክል እንዴት እንለየው?

ደሴ ላይ ሐምሌ ገብቶ ሁለት ሳምንት ከዘነበ በኋላ ጓሮ ሌላ ጓሮ ይሆናል። ባዶ የነበረው መደብ አረንጓዴ ለብሷል። ጎመኑ መሃል አንድ ነገር ብቅ ብሏል። አጥሩ ሥር ሌላ። ከሮቶው ጀርባ ደግሞ ጉልበት የሚደርስ፣ ሰፋፊ ቅጠል ያለው ነገር ቆሟል። ማን ተከለው? ማንም።

አብዛኞቻችን ያኔ ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ "አረም ነው" ብለን እንነቅላለን፣ ወይ "መድኃኒት ይሆናል" ብለን እናሳድጋለን። ሁለቱም ግምት ነው። እኔ በአንድ ክረምት በሁለቱም ተጎድቻለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ግቢያችን ውሃ ስለሚቋጥር አንድ አይሱዙ አፈር ከኮምቦልቻ በኩል አስመጥተን ደለደልነው። ክረምቱ ሲገባ አዲሱ አፈር ላይ መሬት የተነጠፉ፣ ቅጠላቸው የተሰነጣጠቀ ችግኞች ፈሉ። ጎረቤታችን እማማ በአጥር በኩል አይተው "ጭቁኝ ነው ልጄ፣ እንዳትነካው" አሉኝ። ደስ አለኝ። ጭቁኝ ተፈልጎ የሚገዛ ነገር ነው። ዙሪያውን በባዶ እጄ እየኮተኮትኩ አሳደግሁት። በዚያው ሰሞን ከአጥሩ ሥር የበቀለውን ሌላ ቅጠለ ስንጥቅ ነገር ግን አረም ነው ብዬ ጠርጌ ጣልሁት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የእጄ አንጓ ቀልቶ ያሳክከኝ ጀመር። ቀን ከሌት ማከክ ሆነ። እማማ መጥተው አንድ ቅጠል ቆረጡ፣ በሁለት ጣታቸው አሹት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ዝም አሉ። ደግመው አሸተቱ። "ኧረ ልጄ፣ ይኸ ሽታ የለውም። ጭቁኝማ ሲነኩት ነው ቤቱን የሚሞላው።"

ያሳደግሁት ቅንጨ አረም ነበር። ያው ፓርቴኒየም የሚባለው። መስከረም ሲጠባ ደግሞ የነቀልሁት ምን እንደነበር ገባኝ። የጎረቤቶቼ አጥር ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ሲሆን የኔ ባዶውን ቀረ። ክፉውን አሳድጌ ደጉን ነቅያለሁ። ሁለቱንም ግን በቅጡ አላየኋቸውም ነበር። ስማቸውን ብቻ ነው የሰማሁት ወይም የገመትሁት።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው መንገድ ይኸ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁት። ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል።

1. እጃችሁን ሰብስቡ

እስክታውቁት ድረስ አትንቀሉት፣ አትቅመሱት፣ ለከብትም ለዶሮም አትስጡት። መቅመስ ላይ ቸልታ የለም። "ትንሽ ምላስ ላይ ላድርገው" ብሎ ነገር የለም። መራራ ሁሉ መድኃኒት አይደለም፣ ጣፋጭ ሁሉም ምግብ አይደለም።

አጠገቡ አንድ እንጨት ትከሉና ቀይ ጨርቅ እሰሩበት። ልጆች ካሉ ጨርቅ የታሰረበትን እንዳይነኩ ንገሯቸው። ጓንት ከሌላችሁ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ። ተመሳሳይ ሁለት ሦስት ካለ አንዱን ተዉት፣ ሌላውን ለምርመራ ተጠቀሙ። አንድ ብቻ ከሆነ አትንኩት፣ ባለበት አጥኑት።

2. ከየት እንደመጣ ጠይቁ

ይኸ ጥያቄ ግማሹን መልስ ይሰጣል። ዘር በእግሩ አይመጣም። የሚያመጣው አለ።

አፈር አምጥታችኋል? ከየት? ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2500 ሜትር። መሃላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ አየሩ ግን ሌላ ነው። ከታች በመኪና የመጣ አፈር ደጋ የማናውቀውን ዘር ይዞ ይወጣል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ቦርከና ሲሞላ ደለል የሚደርስበት ቦታ ከሆናችሁ፣ ጎርፉ ከላይ ሁሉንም ጠርጎ እንደሚያመጣ አስቡ።

ፍግ ጨምራችኋል? ከብት የበላው ሣር ዘር በሆዱ አልፎ ይበቅላል። ሙጃ በዚህ መንገድ ነው ብዙ ጓሮ የሚገባው። የወጥ ቤት ጥራጊ የምትደፉበት ቦታ ላይ የበቀለ ከሆነ ቲማቲም፣ ዱባ ወይም ቃሪያ ሊሆን ይችላል። ወፍ የሚያርፍበት ሽቦ ወይም አጥር ሥር ያለ ከሆነ ፍሬው ለወፍ የሚጥም ነገር ነው፦ ወይራ፣ አውጥ፣ የወፍ ቆሎ። መተላለፊያ ዳር፣ ሰው በሚረግጠው ጠርዝ ላይ ከሆነ ልብስና ጫማ ላይ ተጣብቆ የመጣ ነው፦ የሰይጣን መርፌ፣ አሸክት፣ ተለንጅ።

3. ቅጠሉንና ግንዱን አንብቡ

እዚህ ላይ ቆዩ። አሥር ደቂቃ ስጡት። ቁጢጥ ብላችሁ፣ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ ፀሐዩ ሲለዝብ እዩት።

በመጀመሪያ የቅጠሉን አበቃቀል። ቅጠሎቹ ከግንዱ ሲወጡ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ናቸው? ወይስ አንዱ በዚህ፣ ሌላው ከፍ ብሎ በዚያ፣ እየተፈራረቁ? ወይስ ግንድ የሌለው ይመስል ሁሉም ከመሬት ተነስተው እንደ ድስት ማስቀመጫ ክብ ሠርተው ተነጥፈዋል? ይህ የመጨረሻው ቅንጨ አረም በልጅነቱ የሚይዘው መልክ ነው። ያኔ ይህን አይቼ ቢሆን ኖሮ ጭቁኝ አልለውም ነበር።

ቀጥሎ የቅጠሉ ቅርጽ። አንድ ወጥ ነው? ጠርዙ እንደ መጋዝ ነው? ወይስ እስከ መሃል ድረስ ተተልትሏል? ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ጀርባውን ሳያዩ ስም መስጠት ፊቱን ሳያዩ ሰው ሰላም እንደማለት ነው። አመድማዶ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ለጋ ቅጠሉ ላይ፣ በተለይ ከሥሩ በኩል፣ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። በጣት ሲነካ ዱቄቱ ይለቃል። አሉማ ግን ይህ ዱቄት የለውም፣ የቅጠሉ ጅማት ጀርባው ላይ ጎልቶ ይታያል። ሁለቱ ጎን ለጎን ይበቅላሉ፣ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ።

ፀጉርም ፈልጉ። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ከጎን እዩት። የአህያ ጆሮ፣ ቀጠጢና የምንለው፣ ሁለቱም ገጹ ላይ ወፍራም ለስላሳ ፀጉር አለው። ስሙን ያወጣለት ሰው በደንብ አይቶታል። ሳማ ደግሞ ፀጉሩ ትንሽ መርፌ ነው። ያንን ከማየት በፊት እጅ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ ግንዱ። ፌስታል በእጃችሁ ይዛችሁ ግንዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አንከባልሉት። ክብ ከሆነ ያለ ችግር ይንከባለላል። አራት ጎን ከሆነ ቆም ቆም ይላል። ሦስት ጎን ከሆነ ጭራሽ እምቢ ይላል። ሦስት ጎን ያለው ሣር መሳይ ነገር ሣር አይደለም፣ የእንግጫ ወገን ነው። ልጆች ለዘመን መለወጫ የሚነቅሉት ያ እንግጫ። አራት ጎን ያለውና ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ የሆነው ብዙ ጊዜ የነ ዳማከሴ፣ የነ በሶብላ ወገን ነው።

"ብዙ ጊዜ" ያልሁት በምክንያት ነው። የወፍ ቆሎም ግንዱ አራት ጎን ነው። ቅጠሉም ጥንድ ጥንድ ነው። ሲታሽም ኃይለኛ ሽታ አለው። ችግኝ ሳለ ዳማከሴ ብሎ የሚወስደው ሰው አይጠፋም። ልዩነቱ እጅ ላይ ነው። የወፍ ቆሎ ቅጠል ሸካራ ነው፣ ግንዱ ጠርዝ ላይ ወደ ታች የተቆለመሙ ጥቃቅን እሾሆች አሉት። ሲያብብ ደግሞ ይጋለጣል፦ በአንድ እቅፍ ውስጥ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ሮዝ ጥቃቅን አበቦች ተደባልቀው ይታያሉ። ያልበሰለ ፍሬውም ቅጠሉም መርዝ አለው፣ ከብት ይጎዳል። ኮምቦልቻ በኩል ለአጥር ብለው የሚተክሉት አሉ። እኔ አልመክርም። ወፍ ፍሬውን ትበላና ዘሩን በየሜዳው ትበትናለች።

4. አሽታችሁ አሽቱ፣ ጭማቂውንም እዩ

አንድ ቅጠል ቆርጣችሁ በፌስታል ውስጥ እሹት፣ ከዚያ ፌስታሉን ከፍታችሁ ከራቅ ያለ ቦታ አሽቱት። አፍንጫ ውስጥ አታስገቡት።

ጭቁኝና አሪቲ፣ ጦስኝ፣ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ እያንዳንዳቸው የሚያሳብቅባቸው ሽታ አላቸው። ጭቁኝ ነው የተባለ ነገር ሽታ ከሌለው ጭቁኝ አይደለም። ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል። አስተናግር ደግሞ ሲታሽ የሚያቅለሸልሽ፣ የሚገፈትር ሽታ አለው።

የተቆረጠበትን ጫፍ ወዲያው እዩ። ነጭ ወተት ከወጣ ዓይናችሁ እንዳይነካ ተጠንቀቁ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የቁልቋል ወተት ዓይን እንደሚያጠፋ አባቶቻችን የሚነግሩን ዝም ብለው አይደለም። ወተት ያለው ሁሉ ቁልቋል አይደለም፣ ግን እስክትለዩት እንደ ቁልቋል ያዙት።

5. አበባውን ጠብቁ

ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ነው። ብዙ ተክል በቅጠሉ ያታልላል፣ በአበባው ግን አይዋሽም። አበባ ሲመጣ እነዚህን እዩ።

አራት ቅጠል በመስቀል ቅርጽ ከሆነ የጎመን፣ የሰናፍጭና የፌጦ ወገን ነው። እንደ ባቄላ አበባ ቢራቢሮ የሚመስል ከሆነ የጥራጥሬ ወገን ነው፣ ማገጥም እዚያ ውስጥ ነው። አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ሆኖ መሃሉ ላይ ቢጫ ሾጣጣ ከቆመ የድንች፣ የቲማቲም፣ የአውጥና የእምቧይ ወገን ነው። ይህ ወገን ውስጥ ምግብም መርዝም አብረው ስላሉ እዚህ ላይ ዓይናችሁ ይከፈት።

እንደ አደይ፣ እንደ ሱፍ አበባ ያለው ግን ሌላ ነው። አንድ አበባ የሚመስለው የብዙ አበቦች ጉባዔ ነው። ዙሪያውን ያለው እያንዳንዱ ቢጫ ቅጠል ራሱን የቻለ አበባ ነው፣ መሃሉም ብዙ ጥቃቅን አበቦች ናቸው። አንድ አደይ ቆርጣችሁ በጥፍራችሁ መሃሉን ሰንጥቁት፣ ታያላችሁ። ቅንጨ አረምም ከዚሁ ትልቅ ቤተሰብ ነው። አበባው ግን ከጥቁር አዝሙድ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነጭ ነጥብ ነው። በቅርብ ሲያዩት አምስት ማዕዘን አለው። እነዚያን አምስት ማዕዘኖች አንዴ ያየ ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም።

ከዚህ የሚለይ አንድ ነገር አለ። ቅንጨ አረም መሆኑን ከጠረጠራችሁ አበባው ዘር እስኪያፈራ አትጠብቁ። የመጀመሪያዋ ነጭ ነጥብ ስትታይ ለመንቀል በቂ ነው።

6. ሰው ጠይቁ፣ ግን ተክሉን ይዛችሁ

ሰኞ ገበያ ወርዳችሁ ጭቁኝ፣ ጤና አዳምና አሪቲ የሚሸጡትን እናቶች ጠይቁ። በዕድሜ የገፉ የገጠር ሰዎችን ጠይቁ። እነሱ የሚያውቁትን ስልክ አያውቀውም። ግን ሦስት ነገር ጠብቁ።

አንደኛ፣ ስም ይዛችሁ አትሂዱ። "ይኸ ጭቁኝ ነው አይደል?" ያላችሁት ሰው ለይሉኝታ ብሎ "አዎ" ሊል ይችላል። "እትዬ፣ ይኸ ምን ይባላል?" ብላችሁ ዝም በሉ። ሁለተኛ፣ ቅርንጫፉን ከነቅጠሉ፣ ከነአበባው፣ ከተቻለ ከነፍሬው በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ። የጠወለገ አንድ ቅጠል ማንንም ያሳስታል። እኔና እማማን ያሳሳተን በአጥር ላይ አሻግሮ ማየት ነው። ሦስተኛ፣ ቢያንስ ሦስት ሰው ለየብቻ ጠይቁ። ሦስቱም አንድ ስም ከሰጧችሁ ጥሩ ነው።

ስሙ ግን ሊለያይ ይችላል። በእኛ አገር አንድ ስም ለሁለት ሦስት ተክል ይሰጣል። ኮሸሽላ ስንት ዓይነት እሾሃም ነገር ይጠራበታል! አንድ ተክልም በየአገሩ ሌላ ስም አለው። አስተናግር ያልሁት ሌላው ጋ አጤ ፋሪስ ነው። ኮምቦልቻ አካባቢ ደግሞ በኦሮምኛ የሚነግሯችሁ ሰዎች ይኖራሉ። ያንንም ጻፉት። ሁሉንም ስም ጻፉ።

7. ስልካችሁን ተጠቀሙበት፣ አትመኑበት

ጉግል ሌንስም ሆነ ፕላንትኔት የሚባለው መተግበሪያ ጥሩ ረዳት ናቸው። ፕላንትኔት በነፃ ይወርዳል። ፎቶ ስታነሱ ከኋላው ነጭ ወረቀት ወይም ካርቶን አድርጉ፣ ጓሮው ሁሉ ከገባ ስልኩ የትኛውን እንደምትጠይቁት አያውቅም። ቅጠል ለብቻ፣ አበባ ለብቻ፣ ሙሉ ተክሉን ለብቻ አንሱ።

የሚሰጣችሁን የመጀመሪያ መልስ ስም ብቻ አትውሰዱ። ፎቶዎቹን ከፍታችሁ ከራሳችሁ ተክል ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። አገራችን ወደ 6000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶች አሏት፣ ከእነዚህ አንድ አሥረኛ ያህሉ ሌላ አገር የማይበቅሉ ናቸው። ሳማ አንዱ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኡርቲካ ሲሜንሲስ ነው፣ ሰሜን ተራራ በስሙ ውስጥ አለ። ስልኩ ግን የአውሮፓውን ሳማ ሊያወጣላችሁ ይችላል፣ ብዙ ፎቶ ያለው እሱ ነውና።

የሳይንሳዊ ስም ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ጭቁኝ ከአገር አገር ይለያያል፣ ሳይንሳዊው ግን አንድ ነው። አንዴ ካገኛችሁት ስለ መርዝነቱም፣ ስለ ጥቅሙም ትክክለኛውን ተክል ነው የምታነቡት።

8. ደብተርና አሮጌ ጋዜጣ

ያልታወቀላችሁ ካለ አድርቃችሁ አስቀምጡት። ከነአበባው ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ በአሮጌ ጋዜጣ መሃል ዘርጉት። አንድ ቅጠል ገልብጡት፣ ጀርባው እንዲታይ። ላዩ ላይ ከባድ ነገር ጫኑበት፣ ጡብ ይበቃል። ክረምት ስለሆነ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩት፣ አለዚያ ይሻግታል። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርቃል።

አብሮ አንድ ወረቀት ይኑር፦ ቀን፣ ቦታ፣ ቁመት፣ የአበባው ቀለም፣ ሽታ፣ ወተት አለው ወይስ የለውም፣ ሰዎች የነገሯችሁ ስሞች። ቀለሙ ሲደርቅ ስለሚጠፋ የግድ ጻፉት። አዲስ አበባ አራት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሐርበሪየም፣ የአገራችን ዕፅዋት መዝገብ ቤት፣ የተሠራው ከእንዲህ ዓይነት የደረቁ ቅርንጫፎች ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት የመዘገበው ባለ ብዙ ቅጽ ሥራም ከእነሱ ተነስቶ ነው የተጻፈው። እናንተ የያዛችሁትን ደሴ ላለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ወይም የባዮሎጂ መምህር፣ ወይም ለቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ብታሳዩ ከፎቶ ይልቅ በእሱ ይረዷችኋል።

አዘውትረው የሚመጡብን እንግዶች

ሁሉንም ልዘረዝር አልችልም። ሳትለዩ ማለፍ የሌለባችሁን ልንገራችሁ።

አስተናግር። ቁመቱ እስከ ወገብ ይደርሳል። ቅጠሉ ሰፊ፣ ጠርዙ እንደነገሩ የተቀደደ ይመስላል። አበባው ረጅም ጥሩንባ ነው፣ ነጭ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላ፣ ሲመሽ ይከፈታል። ፍሬው የእንቁላል ቅርጽ ያለው እሾሃም ኳስ ነው፣ ሲደርቅ አራት ቦታ ተሰንጥቆ ጥቁር ዘር ይበትናል። ሁሉ ነገሩ መርዝ ነው፣ ዘሩ ደግሞ ይብሳል። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ፊቱ ይቀላል፣ የሌለ ነገር እያየ ይቀባጥራል። አስተናግር የሚለውን ስም ልብ በሉት። ልጅ ከበላ "ይለቀዋል" ብላችሁ አትጠብቁ፣ በግድ አታስመልሱት። ከተክሉ አንድ ቅርንጫፍ ይዛችሁ ወዲያው ሐኪም ቤት ሩጡ። ቅርንጫፉ ለሐኪሙ ብዙ ጊዜ ይቆጥብለታል።

አውጥና እምቧይ። ድንች መደብ ውስጥ ሲበቅሉ ይመሳሰላሉ። አውጥ እሾህ የለውም፣ አበባው ትንሽ ነጭ ኮከብ ነው፣ ፍሬው አተር የሚያክል ሆኖ ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ይለወጣል። ልጆች ጥቁሩን ይበላሉ፣ እኛም በልተን አድገናል። አረንጓዴው ግን መርዝ አለው። የአምስት ዓመት ልጅ አረንጓዴና ጥቁር ይለይልኛል ብላችሁ አትተማመኑ። እምቧይ እሾሃም ነው፣ ፍሬው ሲበስል ቢጫ ኳስ ይሆናል፣ አይበላም።

ሳማ። ያቃጥላል፣ ግን አትጣሉት። በደጋው ለጋው ተቀቅሎ ወጥ ይሆናል፣ ሙቀት ሲያገኝ መቃጠሉ ይጠፋል። በጓንት ወይም በመቆንጠጫ ጫፉን ብቻ ቁረጡ።

ጉሎ። ቅጠሉ የተዘረጋ መዳፍ ነው፣ ግንዱ ቀላ ይላል። ምጣድ የምናሰስበት ያ ጉሎ ነው። ዘሩ ዥጉርጉርና የሚያምር ስለሆነ ልጆች ይሰበስቡታል። ታኝኮ ከተዋጠ አደገኛ መርዝ ነው። ፍሬው ሳይፈነዳ ቁረጡት።

አደይ፣ መጭና የሰይጣን መርፌ። አደይና የሰይጣን መርፌ እህትማማች ናቸው፣ ሳይንሱም በአንድ ስም፣ ቢደንስ ብሎ ነው የሚጠራቸው። የሰይጣን መርፌ ዘር ጫፉ ላይ ባሉት ጥቃቅን መንጠቆዎች ሱሪ ላይ ይሰካል። መጭ የኑግ ዘመድ ነው፣ እሱም ቢጫ ያብባል፣ ቅጠሉ ግን አንድ ወጥና ሸካራ ነው። የአደይ ቅጠል ተሰነጣጥቋል። ሐምሌ ላይ ቅጠለ ስንጥቅ፣ ጥንድ ጥንድ ቅጠል ያለው፣ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ነገር አጥር ሥር ካያችሁ እባካችሁ እስከ መስከረም ታገሱት።

ቅንጨ አረም። አገራችን ውስጥ በስፋት የታየው ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው፣ በፈረንጆቹ። ትውልዱ ሞቃታማው የአሜሪካ አህጉር ክፍል ነው። አንድ ጥሩ ያደገ ተክል ከ15000 በላይ ዘር ያፈራል። አፈር፣ እህል፣ የመኪና ጎማ ላይ ያለ ጭቃ ይዞት ይሄዳል። ቆዳ ያሳክካል፣ ብናኙ አስም ያለበትን ያስጨንቃል፣ ላም ከበላችው ወተቷ ይመርራል። ልጅ ሳለ የተነጠፈ ነው፣ ሲያድግ ቀጥ ብሎ ይቆምና ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ቅጠሉ እየተፈራረቀ ይወጣል። ጭቁኝ የሚያሰኝ ሽታ የለውም።

ከለያችሁ በኋላ

መንቀል ካለባችሁ ዝናብ ባባራበት ማግስት ንቀሉ። አፈሩ እርጥብ ስለሆነ ከነሥሩ ይወጣል። ጓንት፣ እጅጌ ሙሉ ልብስ፣ ለቅንጨ አረም ደግሞ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ። አበባ ያወጣውን ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩ፣ ወንዝ ዳርም አትጣሉ። ቦርከና ላይ የጣላችሁት ከታች ላለው ሰው ማሳ ነው የሚሄደው። በከረጢት አስራችሁ አድርቁና አቃጥሉ፣ ሲቃጠል ጭሱ በሌለበት በኩል ቁሙ። አስተናግር ግን አይቃጠል፣ ጭሱም ይጎዳል። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ከዚያ ልብሳችሁን እጠቡ፣ እጃችሁን እስከ ክርን በሳሙና።

የነቀላችሁበትን ቦታ ባዶ አትተዉት። ጎመን፣ ድንች፣ ባይሆን ሣር አልብሱት። ባዶ መሬት ነው ቅንጨ አረምን የሚጠራው።

የካቲት ወይም መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ ሲጥል ተመልሳችሁ እዩ። አፈር ውስጥ የቀረ ዘር ያኔ ይነሳል። እኔ የዚያን ዓመት መስከረም የነቀልሁት አንድ ኩንታል ከረጢት ሞልቶ ነበር። በተከተለው በልግ ግማሽ ፌስታል ሆነ። ዘንድሮ ሦስት ችግኝ አገኘሁ፣ ሦስቱም ከሮቶው ሥር። አጥሩ ሥር ደግሞ የጎረቤት አደይ ዘር አራግፌበታለሁ።